ካንዴላ የሌለው መኪና፦ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢልና የቃሊቲ ጋራዥ

አንድ መሣሪያ ወደ አንድ አገር ገባ ሊባል የሚገባው ወደቡን ባለፈበት ዕለት አይደለም። የአገሩ ባለሙያ በገዛ እጁ ፈትቶ የገጠመው፣ የተሰበረበትን ክፍል ዐውቆ የተካው፣ ለየክፍሉም በሥራ ቦታ የሚግባባበት ስም ያገኘለት ዕለት ነው። ከዚያ በፊት መሣሪያው እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ይከበራል እንጂ ቤት አያቀናም።

በዛሬው ጊዜ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በብዛት የሚታየው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል፣ በተለይም ዋጋው በሚሊዮኖች ብር የሚቆጠረው የምቾት መኪና፣ ይህን የእንግድነት ዘመኑን ገና አልፈጸመም። መኪናው የት እንደሚሠራ፣ በስንት እንደሚሸጥና በአንድ ሙሌት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ የማያውቅ ባለመኪና የለም። ከስምንት ወይም ከዐሥር ዓመት በኋላ በማን እጅ እንደሚጠገንና ያን ጊዜ ምን ዋጋ እንደሚያወጣ ግን ጥቂቶች ብቻ ያስባሉ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ከቃሊቲ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ቃሊቲ ከጅቡቲ በሞጆ በኩል የሚመጣው መንገድ ወደ ዋና ከተማው የሚገባበት ደጅ ነው። ጉምሩኩ፣ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛው፣ የከባድ መኪና ጋራዦች፣ የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ፋብሪካዎች በዚሁ አካባቢ ይገኛሉ። የኤሌክትሪክ ኃይል በአገሪቱ ከውኃ ከመነጨባቸው ቦታዎች የመጀመሪያው የአቃቂ ወንዝም በዚሁ ያልፋል።

ኤሌክትሪክና አውቶሞቢል ሳይገናኙ የገቡበት ዘመን

እንደሚታወቀው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1899 ቤልጂየማዊው ካሚል ዠናትዚ በመንገድ ተሽከርካሪ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመንዳት የመጀመሪያው ሰው የሆነው በባትሪ በሚሠራ መኪና ነበር። በተከታዩ ዓመት በአሜሪካ ከተሠሩት 4,192 አውቶሞቢሎች መካከል 1,681ዱ በእንፋሎት፣ 1,575ቱ በኤሌክትሪክ፣ 936ቱ ብቻ በቤንዚን የሚንቀሳቀሱ ነበሩ። የኤሌክትሪኩ መኪና በጊዜው የባለጸጎች መኪና ነበር። ድምፅና ጢስ የለውም፤ በእጅ በሚዞር ማንሻም አይነሣም። የቤንዚን መኪናን ለሕዝብ ያዳረሰው የሄንሪ ፎርድ ባለቤት ወይዘሮ ክላራ ፎርድ ራሳቸው ዲትሮይት ኤሌክትሪክ በተባለው የባትሪ መኪና ይጓዙ እንደነበር ይታወቃል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1912 የካዲላክ መኪና በኤሌክትሪክ ማስነሻ ሞተር ተገጥሞለት ሲወጣ በእጅ ማንሻ የማዞር ድካም ቀረ፤ የነዳጅ ዋጋም ረከሰ። የባትሪው መኪና ክብደቱና አጭር ጉዞው ጎልቶ ስለ ታየ ከገበያ እየወጣ ሄደ።

በአገራችንም ኤሌክትሪክና አውቶሞቢል የገቡት በተቀራረበ ጊዜ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ለቤተ መንግሥታቸው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሞተር አስመጡ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ በሲድሊ መኪና፣ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝም በሌላ መኪና በረሃውን አቋርጠው አዲስ አበባ ደረሱ። ሁለቱም መኪናዎች ቤንዚን ጠጪ ነበሩ። ስለዚህ ኤሌክትሪክና አውቶሞቢል ከአንድ ቤተ መንግሥት ገብተው ሳይተዋወቁ ቀሩ። አንዱ አምፑል ሲያበራ ሌላው ነዳጁን ከባሕር ማዶ ይጠባበቅ ጀመር።

የውኃ ኃይል በበኩሉ የራሱን መንገድ ያዘ። በ1904 ዓ.ም. ገደማ በአቃቂ ወንዝ ላይ ለአነስተኛ ፋብሪካዎች የሚያገለግል ማመንጫ ተተከለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ ደግሞ በ1930ዎቹ መጀመሪያ 6.6 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ዋና ከተማውን ማብራት ያዘ። ይህ ጣቢያ በ1960ዎቹ ሥራውን ካቆመ በኋላ ከአርባ ዓመታት በላይ ዝም ብሎ ኖረ። በቻይና መንግሥት ርዳታ ታድሶ እንደገና የተነሣው በ2000ዎቹ መጨረሻ ነው። ወንዙ አልደረቀም፤ ግድቡም አልፈረሰም። በደለል፣ በአረምና በመለዋወጫ ዕጦት የተሸነፈ መሣሪያ ግን የሚያነሣው አጥቶ አንድ ትውልድ ሙሉ ተኛ። ይህን ምሳሌ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ሊያስታውሰው ይገባል።

የጋራዥ ቋንቋ ከየት መጣ?

የቤንዚንና የናፍጣ መኪና በኢትዮጵያ የእንግድነት ዘመኑን የፈጸመው እንዴት ነው? መልሱ በቃሊቲ ጋራዦች በየቀኑ ከሚነገረው ቋንቋ ውስጥ ይገኛል። አንድ መካኒክ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ቺንጊያ ሲል የሚናገረው ጣሊያንኛ መሆኑን ልብ አይለውም። ጎማ የሚጠግነውም ሰው ጎሚስታ ይባላል። እነዚህን ቃላት መዝገበ ቃላት አላስተማራቸውም። በወረራው ዘመን ለመንገድ ሥራና ለጦር ስንቅ የገቡት የጭነት መኪናዎች፣ ከ1933 ዓ.ም. በኋላም በአገሪቱ ቀርተው ጋራዥ የከፈቱት ጣሊያናውያን ዘንድ በረዳትነት የተቀጠሩ ወጣቶች ናቸው ከመፍቻው ጋር አብረው የተቀበሏቸው። ረዳቱ ቃሉን ሲሰማ ዕቃውን በእጁ ይይዝ ነበር። ስለዚህ ቃሉና ዕውቀቱ ተለያይተው አያውቁም።

ከእነዚያ ረዳቶች ሌሎች ረዳቶች ተማሩ። ዕውቀቱ በጽሑፍ ሳይሰፍር ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደርና ድሬዳዋ ተዳረሰ። ፋብሪካው ማምረት ያቆመውን መኪና ሠላሳና አርባ ዓመት በሥራ ላይ ያቆየው፣ የጠፋውን መለዋወጫ በቶርኖ ቀርጾ የተካው፣ ድሃውን ባለታክሲ ከዕዳ ያወጣው ይኸው የልምድ ዕውቀት ነው። አሮጌ መኪና በኢትዮጵያ ዋጋውን ጠብቆ መኖሩ ብዙ የውጭ አገር ሰዎችን ሲያስገርም ኖሯል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ መኪናው ቢሰበርም የሚጠግነው ሰው በየሰፈሩ ነበረ።

የቃሊቲ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ

ብዙዎች የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወደ ቃሊቲ የመጣው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በገቡት አውቶሞቢሎች ይመስላቸዋል። ከእነርሱ አስቀድሞ ግን በመስከረም 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከቃሊቲ ተነሥቶ መሀል ከተማ የሚደርሰውን መስመር ሥራ አስጀምሮ ነበር። ባቡሩ በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ለ34 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሆነው ሐዲድም 41 ባቡሮች ቀርበውለት ነበር። ከሁለቱ የባቡር ማደሪያና መጠገኛ ቦታዎች አንዱ በዚሁ በቃሊቲ ይገኛል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን በውል የመጡ ቻይናውያን ባለሙያዎች ይመሩት ነበር። ውላቸው አልቆ ከሄዱ በኋላ ግን የመለዋወጫ ዕቃና የውጭ ምንዛሪ ችግር ተደራርቦ አብዛኞቹ ባቡሮች ከሥራ ወጥተው ቆሙ። ኤሌክትሪክ አልጠፋም፤ ሐዲዱም አልተነሣም። ሰው በጣቢያው ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር። የጎደለው በመጠገኛው ውስጥ መኖር የነበረበት ዕቃና በዕቃው ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ዕውቀት ነው። አባ ሳሙኤል ላይ የሆነው ነገር በሌላ ዘመንና በሌላ መሣሪያ ተደገመ።

የምቾት መኪናው አመጣጥ

በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ። የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተገጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠሙት 5 በመቶ ሲሆን፣ ተበታትነው መጥተው በአገር ውስጥ ለሚገጣጠሙት ፈጽሞ ተነሣ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ገለጹ። ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ አገሪቱን ስለ ከበዳት፣ የኤሌክትሪክ ኃይሏ ግን ከውኃ ስለሚመነጭ ውሳኔው ከኢኮኖሚ አንጻር ምክንያት አልነበረውም ሊባል አይችልም። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የህዳሴ ግድብ ዐቅም 5,150 ሜጋዋት መሆኑ ይህን አሳብ አጠንክሮታል። ለማነጻጸር ያህል አባ ሳሙኤል በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ በቤት ውስጥ በ7 ኪሎዋት ባትሪ የሚሞሉ 940 ያህል መኪናዎችን ብቻ ነው በአንድ ጊዜ ማስተናገድ የሚችለው።

በዚህ ፖሊሲ ምክንያት ከገቡት መካከል ባለጸጋው የመረጣቸው ሰፋፊና ከባድ መኪናዎች ናቸው። ከእነርሱም የፎልክስዋገን አይዲ ስድስት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። መኪናው በቻይና ውስጥ፣ ለቻይና ገበያ የተሠራ ባለ ሦስት ረድፍ መቀመጫ አውቶሞቢል ነው። ስሙ ጀርመናዊ ይሁን እንጂ በመስታወቱ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ቻይንኛ ነው። የባትሪ መሙያ ሶኬቱም ጂቢ/ቲ የተባለውን የቻይና ደረጃ ይከተላል፤ ከአውሮፓ የሚመጣው መሙያ ያለ አስተላላፊ አይገባበትም። እንዲህ ያለው መኪና ስለ ራሱ ሕመም የሚናገረው ባለቤቱ በማያነበው ፊደል ነው። ማርሚታው ሲቀደድ በድምፁ ከሚታወቀው ከቀድሞው መኪና ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሙቀትና ባትሪ

ባለመኪናዎች አዘውትረው የሚጠይቁት የአገራችን ፀሐይ ባትሪውን ይጎዳው እንደሆነ ነው። ጥያቄው መሠረት አለው። የሊቲየም ባትሪ በእርጅና የሚዳከምበት ፍጥነት ሙቀቱ በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር በግምት እጥፍ ይሆናል። ይህም በመጽሐፍ ብቻ የቀረ አይደለም። የኒሳን ሊፍ መኪና እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 በአሜሪካ በረሃማ ከተማ በፊኒክስ በተሸጠ ጊዜ፣ ባትሪው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ስላልነበረ ብዙ ባለቤቶች በአጭር ጊዜ ውስጥ ዐቅሙ ሲቀንስ አዩ። በዚህም የተነሣ ፋብሪካው በ2013 ለባትሪው ዐቅም ዋስትና ለመስጠት ተገደደ፤ ቆይቶም ሙቀትን ይበልጥ የሚችል ባትሪ አቀረበ።

ቃሊቲ ግን ፊኒክስ አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በበጋ ቀትር ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ ቢወጣም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ብዙ መቶ ኪሎ ግራም የሚመዝን ባትሪ ደግሞ ቶሎ አይሞቅም፤ ቶሎም አይበርድም። ስለዚህ የቀኑንና የሌሊቱን አማካይ ይዞ ይኖራል፤ ይህም አማካይ ለባትሪ እጅግ የተስማማ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተዘነጋ ነገር ይገኛል። መኪናው በሕይወቱ ምናልባት ከሁሉ የበረታውን ሙቀት የሚያየው ለባለቤቱ ከመድረሱ በፊት ነው። በጅቡቲ ወደብ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቆሞ፣ የአፋርን ቆላ በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ተሻግሮ፣ በሞጆ ወይም በቃሊቲ ፎርማሊቲው እስኪያልቅ በፀሐይ ላይ ይቆያል። ባትሪው በዚህ ጊዜ ሙሉ ከሆነ ጉዳቱ ይበዛል፤ ግማሽ ገደማ ሆኖ ቢጓጓዝ ይቀንሳል። አስመጪዎች ይህን አንድ ነገር ቢጠብቁ ገዢው ያልነዳው መኪና አርጅቶ አይደርሰውም።

ሁለተኛው የሙቀት ጉዳይ ወደ ቆላ የሚደረገው ጉዞ ነው። ከቃሊቲ ወደ አዋሽ ሰባት የሚወርድ ባለመኪና ከ1,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያጣል። 2,200 ኪሎ ግራም ለሚመዝን መኪና ይህ ቁልቁለት 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይዟል፤ ከዚህም ከፊሉ በሞተሩ አማካይነት ወደ ባትሪው ይመለሳል። ባትሪው አስቀድሞ ጢም ብሎ የተሞላ እንደሆነ ግን የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ሥራው ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ሲመለሱ ደግሞ ያው ኃይል ከነኪሳራው ይከፈላል። ስለዚህ በሄደበት ሙሌት እመለሳለሁ ብሎ የሚያሰላ ሰው ከመተሐራ በላይ ባለው ዳገት ላይ ይቸገራል። በቆላው ሙቀት ፈጣን መሙያ ላይ ደጋግሞ መሰካትም ባትሪውን በሁለት በኩል ማሞቅ ይሆናል። ጥቂት አሳርፎ፣ ጥላ ፈልጎ፣ እስከ 80 በመቶ ሞልቶ መነሣት ይመረጣል።

ከሙቀቱ የበለጡ ጉዳዮች

በቃሊቲ ባለመኪናውን ከፀሐዩ ይልቅ የሚያሳስቡት ሌሎች ጉዳዮች ናቸው። የመጀመሪያው ከፍታው ነው። በቀጭን አየር ምክንያት ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ሲያጣ የኤሌክትሪክ ሞተር ምንም አያጣም። ይህ ትርፍ ነው። ነገር ግን ቀጭን አየር ኤሌክትሪክን የመለየት ችሎታውም፣ ዕቃን የማቀዝቀዝ ችሎታውም ያንሳል። ዓለም አቀፉ ደንብ በኤሌክትሪክ ዕቃዎች መካከል የሚተወውን የአየር ክፍተት የሚወስነው እስከ 2,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው፤ ለ3,000 ሜትር በ1.14 እንዲባዛ ያዛል። አዲስ አበባ ከዚያ ወሰን በላይ ስለሆነች መሙያ የሚያስመጣ ሁሉ በዕቃው ላይ የተጻፈውን የከፍታ መጠን ማንበብ ይኖርበታል።

ሁለተኛው የመሬት ሽቦ ነው። በብዙ አሮጌ ቤቶች የመሬት ሽቦ ጨርሶ የለም፤ ወይም ዝጎ ተበጥሷል። ለምጣድና ለአምፑል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ሌሊቱን ሙሉ 32 አምፔር ሲሸከም ማያያዣው ይግላል። የመብራቱ መጥፋትና መምጣት፣ የቮልቴጁም ከፍ ዝቅ ማለት በመሙያው ላይ ይበረታል። ከመኪናው በፊት ሶኬቱን ማስመርመር የባለመኪናው የመጀመሪያ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ነው። በጋራዦቻችን ራዲያተር የጎደለበት መኪና ከቧንቧ ውኃ ሲሞላለት ኖሯል፤ ለቀድሞው ሞተር ይህ ያን ያህል አልከፋም። ባትሪን ለሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ ግን ልማዱ አደገኛ ነው። ጨውና ማዕድን ያለበት ውኃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍና ቧንቧውን ስለሚበላ፣ ፋብሪካው ካዘዘው ፈሳሽ በቀር ሌላ መጨመር ከመኪናው ሁሉ ውዱን ክፍል ማበላሸት ይሆናል። እንዲሁም ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለ ተዘረጋ ኮረኮንቹና ከፍ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሆዱን እንዳይመቱት፣ በክረምትም የአቃቂ ወንዝ ሲሞላ ጎርፍ ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ ያሻል። የባትሪው ሣጥን ውኃ እንዳያስገባ ቢሠራም አንድ ጊዜ በድንጋይ ከተመታ በኋላ ያ ዋስትና አይኖረውም።

የጋራዡ ዕጣ

ወደ ጋራዡ ሲመለሱ ጥያቄው ይከብዳል። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ካንዴላ የለም፤ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታና ቴስታታም የሉም። ሰማንያ ዓመት ያገለገለው የጋራዥ ቋንቋ አብዛኛው ሥራ ፈትቶ ይቀራል። ጎሚስታው ብቻ ከቀድሞው ይልቅ ሥራ ይበዛበታል፤ ከባድ መኪና ጎማ ቶሎ ይጨርሳልና። የዘይት ለዋጩ፣ የሞተር አዳሹና የፓምፕ ሠራተኛው ግን እንጀራቸው የተመሠረተበት ዕቃ ከመኪናው ውስጥ ወጥቷል። በፈንታው የገባው ከ350 እስከ 400 ቮልት፣ በአንዳንዶቹም እስከ 800 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው። በልምድና በድፍረት የሚነካ ነገር አይደለም። ለ1,000 ቮልት የተሠራ ጓንት ማጥለቅ፣ የማቋረጫውን መሰኪያ መንቀል፣ በውስጡ የተጠራቀመው ኃይል እስኪጠፋ መታገሥ፣ በመጨረሻም በመለኪያ ማረጋገጥ የግድ ነው። የቀድሞው ረዳት ቢሳሳት እጁ ይቆስል ነበር፤ የዛሬው ቢሳሳት ሕይወቱ ያልፋል።

በአንድ በኩል ይህ ሥራ ከመካኒኩ እጅ ወጥቶ በጥቂት ወኪሎች ዘንድ ብቻ ቢቀር ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ስለ ደኅንነት የሚያነሡት ነገርም ትክክል ነው። በሌላ በኩል ግን የቀላል ባቡሩ ታሪክ የሚያስተምረው ዕውቀት በጥቂት ሰዎችና በውል ብቻ ሲታሠር ውሉ ባለቀ ማግስት መሣሪያው እንደሚቆም ነው። በተለይ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ መኪና በኢትዮጵያ ኃላፊነት የሚወስድለት የፋብሪካ ወኪል ላይኖረው ስለሚችል የሚጠግነው የሰፈሩ ባለሙያ እንጂ ሌላ አይሆንም። የሰፈሩ ባለሙያ ካልሠለጠነም መንካቱ አይቀርም፤ ሳያውቅ ይነካዋል እንጂ።

ከዚህም ጋር የባለቤቱ ሀብት ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ ቤተ ሰብ መኪና ሲገዛ ከመጓጓዣነቱ ሌላ እንደ ቅርስ ያየዋል፤ በክፉ ቀን ይሸጠዋል። የቤንዚን መኪና ሲሸጥ ገዢው መካኒክ ይዞ ይመጣል፤ መካኒኩም ድምፁን ሰምቶ፣ ዘይቱን አይቶ ዋጋውን ይናገራል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን በጆሮ አይመረመርም። የባትሪውን ቀሪ ዐቅም ሞልቶና አጉድሎ በመለካት የሚመሰክር የታመነ ወረቀት ከሌለ ሻጩ ያጋንናል፤ ገዢውም ይጠራጠራል። በዚህ መካከል የመኪናው ዋጋ ይወድቃል። በብዙ ሚሊዮን ብር የተገዛው መኪና እንደ ቅርስ መቆየቱ ወይም በደጅ ቆሞ መቅረቱ የሚወሰነው በዚህ ነው።

ስለዚህ ለሙያው ሰዎች የቀረበው ሥራ የታወቀ ነው። የባትሪ ምርመራ በአንድ ደረጃ የሚካሄድበትን ሥርዐት ማዘጋጀት፣ የጋራዡን መካኒክ ከነልምዱ ተቀብሎ በከፍተኛ ቮልቴጅ ሥራ ማሠልጠን፣ የጥገናውን መመሪያ መካኒኩ በሚያነበው ቋንቋ መጻፍ ነው። ጣሊያናዊው ሜካኒክ ካንዴላ ብሎ ሲናገር የሰማው ረዳት ዕቃውን በእጁ ስለ ያዘ ቃሉ የራሱ ሆነ። የዛሬዎቹ ኢንቨርተር፣ ሴልና ኩላንትም እንደዚሁ የቃሊቲ ቃላት ሊሆኑ የሚችሉት ዕቃዎቹ በቃሊቲ ጠረጴዛ ላይ ተፈትተው ሲታዩ ነው። ኃይሉ ከዓባይ ይመጣል፤ አየሩም ለባትሪው ተስማሚ ነው። የቀረው የእጅ ጉዳይ ነው።